በቢሾፍቱ ሐይቆች ዙሪያ ከመኪና ርቆ ብስክሌት መንዳት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ አስፋልቱን ትተው በፒስታ፣ በኮረኮንችና በእርሻ መሐል መንገድ በቢሾፍቱ ዙሪያ መንዳት ለሚፈልጉ ነው። ለመንሸራሸር ብቻ ሆቴል ግቢ ውስጥ ብስክሌት ለሚከራይ ሰው አብዛኛው አያስፈልገውም።

ሐይቆቹ ከተማ ውስጥ አይደሉም እንዴ? ከመኪና ነፃ የሚባለው የቱ ጋ ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሆራ (ሆራ አርሰዲ)፣ ቢሾፍቱ፣ ባቦጋያና ኩሪፍቱ ከተማው ውስጥ ወይም ጫፉ ላይ ናቸው። ዳርቻቸውን በብዛት ሆቴልና የግል ግቢ ስለያዘው ውሃውን እያዩ ዙሪያውን መንዳት አይቻልም፤ መንገዱ ከአጥር ጀርባ ነው፣ ባጃጁም አይጠፋም። ለብስክሌት የሚሆነው ከከተማው ሲወጡ ያለው ነው። በስተደቡብ አረንጓዴ ሐይቅ (ሆራ ሀዶ) ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ይገኛል። በስተምሥራቅ ኪሎሌ አለ፣ እሱ ከ10 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ሁለቱንም ከከተማው የሚለያቸው የአድአ የጤፍ መሬት ሲሆን በውስጡ የሚያልፈው መንገድ በአብዛኛው የጋሪና የእግረኛ ነው።

መኪና የለም ማለት ግን መንገዱ ባዶ ነው ማለት አይደለም። ከብት፣ ጭነት የያዘ አህያ፣ የፈረስ ጋሪ፣ አልፎ አልፎ ሞተር ሳይክል ያገኛሉ። ቀይ አሽ (ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) የሚቆፈርበት ጉብታ አጠገብ የሚያልፉ ከሆነ ደግሞ በሥራ ቀን ገልባጭ መኪና ይኖራል፤ ያንን በኩል ለእሑድ ያቆዩት።

ዳገቱ ይከብዳል?

አጭር ነው፣ ግን ቀጥ ያለ ነው። አብዛኞቹ ሐይቆች እሳተ ገሞራ በፈነዳባቸው ጉድጓዶች ውስጥ የተጠራቀሙ ውሃዎች ናቸው፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ ጥልቀት 87 ሜትር ያህል ይደርሳል። ስለዚህ እነዚህ ሐይቆች እንደ ድስት አፍ ከፍ ያለ ጠርዝ አላቸው። እርሻው መሐል ዘና ብለው ሲነዱ ይቆዩና ጠርዙ ሥር ሲደርሱ በድንገት ይቆማል። ከተማው ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ትንፋሹ ይቀላል፤ ፀሐዩ ግን አይቀልም።

የዝቋላ ተራራ ሌላ ነገር ነው። ከፍታው 2,989 ሜትር ሲሆን ከቢሾፍቱ በስተደቡብ ምዕራብ ደርሶ መልስ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። ሙሉ ቀን ይጠይቃል። በመጀመሪያ ጉብኝትዎ አይሞክሩት።

መንገዴን በምን ልምረጥ?

በአፈሩ ቀለም። ብዙ ሰው ካርታ ላይ ዳገት እየፈለገ ዳገት እየሸሸ ያቅዳል፤ እዚህ አገር ቀኑን የሚያበላሸው ዳገት ሳይሆን መረሬ ነው።

የአድአ ሜዳ ጤፍና ሽምብራ የሚያበቅለው ጥቁር አፈር ነው። በአማርኛ መረሬ፣ በአፋን ኦሮሞ ኮቲቻ ይባላል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተርና ይሰነጠቃል። ደረቅ ሆኖ ጋሪ ሲመላለስበት እንደ ሲሚንቶ ስለሚጠነክር ከእሱ የተሻለ መንጃ የለም። አንድ ጥሩ ዝናብ ሲያገኝ ግን ብስክሌት ቀርቶ ሰውም አይሄድበትም። የሐይቆቹ ጠርዝና ጉብታዎቹ በአንጻሩ ቀይና ቡናማ፣ ጠጠራማ የእሳተ ገሞራ አፈር ናቸው። ውሃ ያሳልፋሉ፤ ማታ ዘንቦ ጠዋት ይነዳባቸዋል።

ስለዚህ ሕጉ አንድ ነው፦ ሜዳውን በደረቅ፣ ጠርዙን በማንኛውም ጊዜ። ገረጋንቲ የለበሰ መንገድም ከጠርዙ ጋር ይቆጠራል፣ ግን ገረጋንቲው ሳስቶ ጥቁሩ ብቅ ያለበትን ቦታ ልብ ይበሉ።

ቀለሙ ካላረጋገጠልዎት ከመንገዱ ቆንጠር አድርገው በመዳፍዎ ያሹት። እንደ ሸክላ ሠሪ ጭቃ ተድቦልቡሎ ሲለጠጥ ካልተበጠሰ፣ ዞረው ይመለሱ። እየተፈረፈረ ከወደቀ ይቀጥሉ።

ዘንቦ ነበር። ስንት ቀን ልጠብቅ?

ቀለል ያለ ካፊያ ከነበረና ቀኑ ፀሐይ ከሆነ አንድ ቀን። መሬቱን ያራሰ ዝናብ ከነበረ ሁለት ወይም ሦስት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ መጠበቅ ትርጉም የለውም፤ መረሬው እስከ መስከረም መጨረሻ ውሃ እንደያዘ ነው። ላዩ ደርቆ ቅርፊት ሠርቶ ውስጡ እርጥብ የሆነበት ጊዜ በጣም ያታልላል። ቅርፊቱ ሰውን ይሸከማል፣ ቀጭን ጎማን ግን አይሸከምም።

ጭቃው ውስጥ ገብቼ ጎማው አልዞር አለኝ። ምን ላድርግ?

ፔዳሉን መርገጥ ያቁሙ። አሁኑኑ። ጭቃው በጎማውና በሹካው (ጎማውን በሁለት ወገን በያዘው ብረት) መሐል ተጠቅጥቆ ደርቆ ሲይዝ ብዙ ሰው ጉልበት ይጨምራል። ያን ጊዜ የኋላውን ማርሽ ቀያሪ ጭቃና ጭድ ይጎትተዋል፣ ታጥፎ የቸርኬው ሽቦዎች ውስጥ ይገባል፣ ማርሽ ቀያሪውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ የአሉሚኒየም መስቀያ ይሰበራል። ይህ መስቀያ ለእያንዳንዱ የብስክሌት ዓይነት የተለየ ስለሆነ እዚያው ሰፈር አይገኝም። የራስዎን መለዋወጫ ከኮርቻ ቦርሳዎ አይለዩት።

ከወረዱ በኋላ ብስክሌቱን አይግፉት፤ ሲገፉት ጭቃ ይጨምራል። ተሸክመው ከመንገዱ ዳር ሣር ያለበት ላይ ያውጡት። በእንጨት (በብረት አይደለም፣ ቀለሙን ይልጠዋል) መጀመሪያ ሹካው ሥር፣ ቀጥሎ ፍሬኑ አጠገብ፣ በመጨረሻ ማርሽ ቀያሪው ላይ ያሉትን ትንንሽ ጥርሶች ይፈቅፍቁ። ቸርኬው በእጅ ሲሽከረከር በነፃ መዞሩን ሳያዩ አይንዱ። ከዚያ ሣሩን ይዘው ወደ መጡበት ይመለሱ። ፊት ለፊት ያለው ጭቃ ካለፉት የተለየ አይደለም።

የትኛው ወር ይሻላል?

ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ጥር መጨረሻ። ጥቅምት ላይ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ሐይቆቹም ሞልተዋል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፤ መንገዱ ላይ የተበተነ የጤፍ ጭድ ከኋላ ማርሽ ጥርሶች መሐል እየተጠቀጠቀ ሰንሰለቱ እንዲዘል ያደርጋል፣ በየሰዓቱ ቆሞ መንቀል ነው። ከጥር በኋላ መረሬው ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ የእጅ ጣት ሳይሆን የእጅ አንጓ የሚያስገባበት ቦታ አለ። በቀጭን ጎማ ሜዳውን የሚያቋርጥ ሰው ፊተኛውን ቸርኬ እዚያ ውስጥ ይሰጣል። መጋቢትና ሚያዝያ በልግ ካለ ጭቃ፣ ከሌለ አቧራ።

ሁለት ነገር ከቀን መቁጠሪያዎ ያውጡ። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሆራ አርሰዲ ላይ ኢሬቻ ስለሚከበር ከተማው በሕዝብ ይሞላል፤ ለበዓሉ መምጣት ግሩም ነው፣ ለብስክሌት ግን አይሆንም። ዝቋላን ካሰቡ ደግሞ ጥቅምት 5ና መጋቢት 5 የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ንግሥ ስለሆነ መንገዱን ተሳላሚና መኪና ይይዘዋል።

የግድ ግራቭል ብስክሌት (ለኮረኮንች መንገድ የተሠራውን) መግዛት አለብኝ?

የለብዎትም። በአዲስ አበባ በብዛት የሚሸጠው ያገለገለ ባለ 26 ኢንች የተራራ ብስክሌት ጎማው ከተቀየረ ለዚህ አገር በቂ ነው። ጥርሱ የገዘፈውን የጭቃ ጎማ አውልቀው መሐሉ ለስላሳ፣ ጎንና ጎኑ ጥርስ ያለው ከ1.75 እስከ 1.95 ኢንች ያስገጥሙ። የጭቃ ጎማ መረሬ ላይ ይረዳል ብለው አያስቡ፤ ጥርሱ ጭቃውን የበለጠ ይሸከማል እንጂ አይጥለውም።

ግራቭል ብስክሌት ካለዎት 40 ሚሊ ሜትር የጎማ ስፋት ዝቅተኛው ነው፣ 45 ከገባ 45። ዋናው ግን ጎማውና ሹካው መሐል የሚቀረው ክፍተት ነው። በሁለቱም ወገን ቢያንስ 6 ሚሊ ሜትር ይተውለት፤ 50 አስገብቶ ክፍተት ከማጣት 40 አድርጎ ጭቃ የሚያልፍበት መተው ይሻላል።

ማርሽን በተመለከተ፣ ለጠርዙ ዳገት የፊቱ ትንሹ ጥርስ ከኋላው ትልቁ እኩል ወይም ያነሰ ይሁን። ለምሳሌ ፊት ባለ 30 ጥርስ፣ ኋላ ባለ 34። በዚህ በደቂቃ 60 ጊዜ ቢረግጡ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ከዚህ የከበደ ማርሽ ይዞ ልቅ ጠጠር ላይ ቆሞ መርገጥ የኋላ ጎማውን ባዶ ያሽከረክረዋል። ኮርቻ ላይ ተቀምጦ፣ ደረትን ዝቅ አድርጎ፣ እኩል እየረገጡ መውጣት ነው።

ቁልቁለቱ ላይ ቀይ አሹ ከጎማ ሥር እንደ ሽምብራ ይንከባለላል። ፍሬን ከመታጠፊያው በፊት ይያዙ፣ መታጠፊያው ውስጥ ይልቀቁ። ሁለቱን ፔዳሎች እኩል አግድም ያድርጉ፣ ቂጥዎን ከኮርቻው ትንሽ ያንሱ።

የጎማዬ አየር ስንት ይሁን?

70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው፦ የውስጥ ጎማ የሌለው ባለ 40 ሚሊ ሜትር ከሆነ ፊት 28፣ ኋላ 32 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)። ያው ጎማ የውስጥ ጎማ ካለው ፊት 35፣ ኋላ 40፤ ከዚህ ካነሰ ድንጋይ ሲመታ የውስጡ ጎማ በቸርኬው ጠርዝ ተቆንጥጦ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ያወጣል። ባለ 26 በ1.95 ከሆነ ፊት 30፣ ኋላ 35 ይበቃል። ክብደትዎ በ5 ኪሎ በጨመረ ወይም በቀነሰ ቁጥር አንድ ፒኤስአይ ይጨምሩ ወይም ይቀንሱ። በጣት ተጭኖ መገመት አያስተማምንም፤ ትንሽ መለኪያ ይግዙ።

ጎማዬን አስለጠፍኩት፣ ግን ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና ተነፈሰ። ለምን?

እሾሁ ገና ውስጥ ነው። እዚህ ጎማ የሚበሳው በዋናነት የግራር እሾህ ነው፤ ከዛፉ ከሚረግፈው ይልቅ ገበሬው ለአጥር ቆርጦ ሲጎትት መንገድ ላይ የሚጥለው ይበዛል። አጥር ባለበት ጠባብ መተላለፊያ መሐል ለመሐል ይንዱ። እሾሁ ሲገባ ውጪው ይሰበርና ጫፉ ጎማው ውስጥ ይቀራል፤ ከውጭ አይታይም፣ አየር ሲሞላና ክብደት ሲያርፍበት ግን ብቅ ይላል።

ስለዚህ የውስጡን ጎማ ካወጡ በኋላ የውጪውን ጎማ ውስጡን በጨርቅ ቀስ እያሉ ዙሪያውን ይጥረጉ። ጨርቁ የተያዘበት ላይ እሾሁ አለ። በባዶ ጣት አይሞክሩ። ከውስጥ ወደ ውጭ ገፍተው በወረንጦ ይንቀሉት፣ ከዚያ ሌላ እንደሌለ ለማረጋገጥ አንድ ዙር ይድገሙ፤ የግራር እሾህ ብዙ ጊዜ ጥንድ ነው።

የውስጥ ጎማ የሌለው ከሆነ ለ40 ሚሊ ሜትር ጎማ በእያንዳንዱ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሊትር ማሸጊያ ፈሳሽ ያስፈልጋል። በበጋው ደረቅ አየር ቶሎ ስለሚደርቅ በየሁለት ወሩ ከፍተው ይዩት፤ ሲነቀንቁት የፈሳሽ ድምፅ ካልሰሙ አልቋል።

ጎሚስታ ጋ ከሄዱ ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። የጎሚስታው አየር መሙያ የሚገጥመው እንደ መኪና ያለ ወፍራም ቫልቭ ላይ ብቻ ነው፤ ቀጭን ቫልቭ ካለዎት ትንሿን የነሐስ መቀየሪያ ይዘው ይሂዱ፣ ቁልፍ መያዣዎ ላይ ያንጠልጥሏት። ሁለተኛ፣ መጭመቂያው ለጭነት መኪና የተሠራ ነው። አንዴ ተጭኖ ከያዘው የብስክሌት ጎማ በሰከንዶች ይፈነዳል። «ትንሽ ትንሽ» ይበሉት፣ በየመሐሉ ራስዎ ይለኩ።

ከአዲስ አበባ ነድቼ ልምጣ?

አይመከርም። የፍጥነት መንገዱ ለብስክሌት ክልክል ነው፤ በቃሊቲና በዱከም የሚመጣው አሮጌው መንገድ ደግሞ የከባድ መኪና መንገድ ነው። ብስክሌቱን ጭነው ይምጡ። ከቃሊቲ መናኸሪያ ሚኒባስ ይገኛል፤ ለብስክሌቱ የሚከፈለውን ከመጫኑ በፊት ከረዳቱ ጋር ይስማሙ፣ ቢሾፍቱ ከደረሱ በኋላ የሚደረግ ክርክር አያዋጣም።

ጣሪያ ላይ ሲወጣ፦ የኋላውን ማርሽ ትልቁ ጥርስ ላይ ያድርጉት፣ ማርሽ ቀያሪው ወደ ውስጥ ይሰበሰባል። ሰንሰለቱ ያለበት ጎን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ። ቸርኬ የሚያወልቁ ከሆነና ፍሬኑ የዲስክ ከሆነ በሁለቱ የፍሬን ሸራዎች መሐል የታጠፈ ካርቶን ያስገቡ፤ አለዚያ አንድ ሰው የፍሬኑን እጀታ ከነካው ሸራዎቹ ይገጥሙና ቸርኬው አልመለስ ይላል። ገመዱን ራስዎ ይሰሩ፣ የፍሬን ዘይት ቱቦ ላይ እንዳያልፍ።

ከብት፣ አህያና ውሻ ሲገጥመኝስ?

ከኋላ ደውል አይደውሉ። የተጫነ አህያ ሲደነግጥ ወደ ጎን ነው የሚዘለው፣ ማለትም ወደ እርስዎ። 20 ሜትር ሲቀርዎት ፍጥነት ቀንሰው በሰው ድምፅ ሰላምታ ይስጡ። «አካም» ማለት ይበቃል፤ ነጂው ዞር ይላል፣ እንስሳውን ይይዝልዎታል። ሲያልፉ «ገለቶማ» (አመሰግናለሁ) ይበሉ። ጥማድ በሬ ሲመጣ ወርደው ዳር ይቁሙ። ጋሪ ፊት ለፊት ከመጣ ቅድሚያው የእሱ ነው።

የጋሪ ጎማ በጭቃ ጊዜ የቀደደው ቦይ በበጋ ደርቆ ይቀራል። ፊተኛው ቸርኬ ከገባበት ቀስ ብሎ መሪ በመጠምዘዝ አይወጣም፣ ይጥላል። ወይ እስኪያልቅ አብረውት ይሂዱ፣ ወይ ቆመው ያንሱት።

ውሻ ሲያሳድድ የመሮጥ ስሜቱን ይዋጡት። ይቁሙ፣ ይውረዱ፣ ብስክሌቱን በመሐል ያድርጉ። ድንጋይ መወርወር አያስፈልግም፤ ለማንሳት ጎንበስ ማለት ብቻ ብዙውን ይመልሰዋል። ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል በኋላ ግን ሜዳው ላይ አይገኙ። 12 ሰዓት ላይ ይመሻል፣ ከዚያ በኋላ የጅብ ነው።

ውሃና ምግብ መንገድ ላይ አገኛለሁ?

በገጠሩ መንደር ትንንሽ ሱቆች አሉ፣ ግን ክፍት መሆናቸውን ተማምነው አይውጡ። ሁለት ሊትር ይያዙ፤ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር ይጠጣል። የሐይቁን ውሃ በማጣሪያም ቢሆን አይጠጡ። አረንጓዴ ሐይቅ በተለይ ሶዳው የበዛ ነው፤ ቀለሙን የሰጠው የሚያብብበት ደቂቅ አልጌ ሲሆን ማጣሪያ ጨውን አያስቀርም። ብስክሌትም አይጠቡበት፣ ብረት ይበላል። ኪሎሌ እንደ እሱ ነበር፤ በ1980ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን) የሞጆ ወንዝ ለመስኖ ተብሎ ወደ ውስጡ ከተለቀቀ ወዲህ ሶዳው ቀንሷል፣ ይህም ግን ለመጠጥ አላበቃውም።

ለምግብ ቆሎ፣ ሙዝና ዳቦ ጥሩ ናቸው። በሶ በጥብጠው የሚይዙ ሰዎች ቀጭን አፍ ያለው ኮዳ ላይ አያድርጉት፣ ይዘጋል። ሰፊ አፍ ያለው የሃይላንድ ጠርሙስ ይሻላል፤ ሦስት የሾርባ ማንኪያ በሶ ለግማሽ ሊትር፣ ጨው ጣል ተደርጎበት።

ስልኬ ላይ ያለው መንገድ መሬት ላይ የለም። ምን ላድርግ?

የተለመደ ነው። የእርሻ መሐል መንገድ በየዓመቱ ይታረሳል፣ ክረምቱ ቦረቦር ይቆርጠዋል። ካርታውን ከኢንተርኔት ውጪ እንዲሠራ አስቀድመው ያውርዱ፣ ግን እንደ አቅጣጫ ይዩት እንጂ እንደ መንገድ አይመኑት። የተዘራ ማሳ በፍጹም አያቋርጡ፤ በማሳዎች መሐል ያለውን ድንበር ይዘው ብስክሌቱን እየገፉ ይሂዱ። ቦረቦር ካገኙ ከብቶቹ የሚሻገሩበትን ዱካ ይከተሉ። ሰው ሲጠይቁ «ወደ ኪሎሌ ነው?» ብለው አይጠይቁ፣ በጨዋነት «አዎ» ሊባሉ ይችላሉ። «ኪሎሌ በየት ነው?» ይበሉና እጁ የሚጠቁመውን ይዩ።

ፎቶና ድሮን?

ሐይቁንና ሜዳውን ፎቶ ማንሳት ችግር የለውም። ቢሾፍቱ የአየር ኃይል ከተማ ስለሆነች ግን ካሜራዎን ወደ ካምፕ፣ ወደ አጥሩና ወደ አውሮፕላን አያዙሩ፣ አጥሩንም ተከትለው አይንዱ። ድሮን ቤት ይቅር።

ስመለስ ላቫጆ አስጥቤው ልሂድ?

ባልዲና ብሩሽ ይዋሱ እንጂ የመኪናውን የግፊት ውሃ አያስነኩት። ውሃው በቸርኬው መሐልና በፔዳሉ ሥር ባለው ማሸጊያ በኩል ቀይ አቧራውን ወደ ኩሽኔታ ይነዳዋል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲረግጡ መንኮሻኮሽ ይጀምራል። መረሬ ከደረቀ እንደ ሸክላ ስለሚጠነክር በእርጥቡ ይታጠብ። ካልተቻለ ሙሉ በሙሉ ይድረቅና በእንጨት እያንኳኩ ያራግፉት፤ ግማሽ እርጥብ ሆኖ መፈተግ ቀለም ይፍቃል።

ሰንሰለቱን በጨርቅ ጠርገው ያድርቁት። የሞተር ዘይት፣ በተለይ የተቃጠለ፣ አያፍስሱበት፤ አቧራ ሰብስቦ ጥርስ የሚሞርድ ጭቃ ይሆናል። ለሰንሰለት የተሠራ ቀጭን ቅባት በእያንዳንዷ መጋጠሚያ ላይ አንድ አንድ ጠብታ፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ ላዩ ላይ የቀረውን በሙሉ ይጥረጉት። በጣትዎ ሲነኩት ጣትዎ ከጠቆረ ገና አልጠረጉትም።